የሴኔት ሕጉ የሚለው «ተማሪ» ነው

የመጀመሪያ ልጄን በተገላገልኩ በ11ኛው ቀን የኮስት አካውንቲንግ ፋይናል ነበረብኝ። ገና አራስ ነኝ። እማዬ ከገጠር መጥታ አጥሚቱንም ገንፎውንም ታቀርባለች፤ ልጁ ክርስትና ሳይነሳ ደጅ መውጣት የሚባል ነገር መስማት አትፈልግም። እኔም ብሆን ስፌቱ በደንብ አላስቀምጥ ብሎኛል። ስለዚህ የሆስፒታሉን ወረቀት ለባለቤቴ ሰጥቼ ወደ ግቢ ላክሁት። ይዞልኝ የተመለሰው መልስ አጭር ነበር፦ «ኤክስቴንሽን ሜክአፕ የለውም።» የማታ ተማሪ ያመለጠውን ፈተና እንደገና አይፈተንም ማለት ነው።

ያን ቀን አለቀስኩ። የሴሚስተሩን ክፍያ ከፍያለሁ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ያን ደረጃ ወጥቼ ወርጃለሁ፣ ሚዱን ከ30 ላይ 26 አግኝቻለሁ። ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊቀር ሆነ። በኋላ ግን ያ ዓረፍተ ነገር የትም ቦታ ተጽፎ እንደማይገኝ ደረስኩበት። ይህን የምጽፈው ዛሬ ማታ ከሥራ ወጥታችሁ ወደ ክፍል ለምትሮጡ፣ ቅዳሜና እሁዳችሁን ለሰጣችሁ፣ «እናንተማ የማታ ናችሁ» እየተባላችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ ለምትመለሱ ነው። እኔ ሳልጠይቅ ብዙ ዓመት አባክኛለሁ።

10ኛ ክፍል ስፈተን መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም። ቴክኒክና ሙያ ገብቼ በአካውንቲንግ ደረጃ 4 ጨረስኩ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናውን) አለፍኩ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ገንዘብ ያዥ ሆኜ ተቀጠርኩ። በ2010 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በማታው ፕሮግራም አካውንቲንግና ፋይናንስ ተመዘገብኩ። ሬጉላሮቹ (የቀን ተማሪዎቹ) ያኔ በ3 ዓመት የሚጨርሱት ትምህርት ለእኛ በ5 ዓመት ተከፋፍሎ ነበር። እኔ ወደ 7 ዓመት ፈጀብኝ።

የቀኑን አካሄድ ላላየው ሰው ልንገረው። ከቢሮ 11:00 ላይ እወጣለሁ፤ ክፍል 11:30 ይጀምራል፤ ከምሽቱ 2:30 ያልቃል። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ ነው። ቤቴ ጀሞ ነውና ከሜክሲኮ የመጨረሻዎቹን ታክሲዎች ካላገኘሁ በራይድ መሄድ አለብኝ፤ የራይዱ ሒሳብ ደግሞ የነገን ምሳና የነገ ወዲያን ምሳ ይበላል። ቤት ስደርስ አራት ሰዓት ይሆናል። አሁን የሬጅስትራሩን የሥራ ሰዓት ተመልከቱ፦ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30። የእኛ ክፍል በሚጀምርበት ደቂቃ መስኮቱ ይዘጋል። አንድ ግሬድ ሪፖርት ለማውጣት፣ አንድ የስም ስህተት ለማስተካከል፣ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ ነበረብን። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ የዓመት ፈቃዴን አብዛኛውን በዚያ መስኮት ፊት ቆሜ ጨረስኩት።

ቤተ መጻሕፍቱም እንደዚያው ነው። የእኛ መታወቂያ ቀለሙ ስለሚለይ ጥበቃው ከሩቅ ያውቀናል። «እህቴ፣ የማታ እኮ መጽሐፍ አያወጣም፤ እዚሁ ማንበብ ትችያለሽ» አሉኝ አንድ ቅዳሜ፣ በትህትና ነው ያሉኝ። እዚሁ ለማንበብ ግን ጊዜ ያለው ሬጉላሩ ነው። መጽሐፍ ወደ ቤት መውሰድ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ቀኑን በሥራ የሚያሳልፈው ተማሪ ሆኖ ሳለ የተፈቀደው ለሌላው ነው። ይህንን ሳስብ ዛሬም ይከነክነኛል።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ዶርም አልጠየቅሁም፣ ካፌ አልጠየቅሁም። ቤት አለኝ፣ እንጀራም እጋግራለሁ። እኩል ማለት ለእኔ ሬጉላሩ የተሰጠውን ሁሉ ለእኔም ቁጠሩልኝ ማለት አይደለም። በተመሳሳይ ኮርስ ተመሳሳይ ውጤት የሚጠበቅብኝ ከሆነ እዚያ የሚያደርሰኝ በር በምደርስበት ሰዓት ክፍት ይሁን ነው የምለው።

ክፍያውን በተመለከተ ልዩነቱ ከግቢው አቅም በላይ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሬጉላር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ይማራል፤ ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። የማታ ተማሪ ግን ቅድሚያ ይከፍላል። «እናንተ ደሞዝተኞች ናችሁ» ይባላል፤ አዎ ነን። የእኔ የሴሚስተር ክፍያ ከአንድ ወር ደሞዜ ይበልጥ ነበር። ለእኔ የሠራልኝ መላ ዕቁብ ነው፦ ከክፍሌ ልጆች 10 ሆነን የጀመርነው ዕቁብ ዕጣው ምዝገባ አካባቢ በጣም ለቸገረው እንዲደርስ ተስማማን። መሥሪያ ቤታችሁ የሚከፍልላችሁ ከሆነ ደግሞ የምትፈርሙትን የግዴታ ውል ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ስንት ዓመት እንደምታገለግሉ፣ ኮርስ ብትወድቁ ማን እንደሚከፍል፣ ከሥራ ብትለቁ ምን እንደሚጠየቅ ከመፈረማችሁ በፊት እወቁ። የባንክ ደረሰኝ አትጣሉ። ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩት፤ ከ4 ዓመት በኋላ ክሊራንስ ላይ «ይህ ሴሚስተር አልተከፈለም» ሲሉኝ ያዳነኝ ያ ፎቶ ነው።

ስለ መምህራኑ ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ልክ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ሲያስተምሩ ውለው ወደ እኛ የሚመጡ ናቸው። አንዳንዱ የ3 ሰዓቱን ክፍል በአንድ ሰዓት ተኩል ጨርሶ፣ ሃንድአውት አስይዞ ይሸኘናል። «የማታ ተማሪ የሚፈልገው ወረቀቱን ነው» የሚል እምነት አለ። ለዚህ እኛም ድርሻ አለን፤ ከክፍላችን «ቲቸር፣ ዛሬ ቶሎ ይልቀቁን» የሚሉ ሰዎች ነበሩ፣ እኔም ዝናብ በጣለ ማታ ብያለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ የኦዲቲንግ መምህራችንን አልረሳም። መብራት በጠፋ ማታ የስልካችንን ባትሪ አብርተን ኮሪደር ላይ ቆመን አስተምሮናል፤ የሥራ ቦታችንን ሰነድ ስሙን አጥፍተን እንድናመጣ እያደረገ ከመጽሐፉ ጋር ያስተያየን ነበር። የማታ ተማሪ ክፍል ውስጥ ይዞት የሚገባ ዕውቀት እንዳለ የገባው እሱ ብቻ ነበር ማለት እችላለሁ።

ወደ ፈተናው ልመለስ። በ2013 ዓ.ም. ነው። መሥሪያ ቤቴ የወሊድ ፈቃዱን ያለ ክርክር ሰጥቶኛል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ብሎ ጽፎታልና። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሳምንት፣ ሠራተኛነቴ አራስ መሆኔን ሲያውቅልኝ ተማሪነቴ አላወቀልኝም። ይህንን ለክፍላችን ልጆች በስልክ ስነግር ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ አንድ ጓደኛችን ጣልቃ ገባ። «ማን ነው የለውም ያለው? የት ነው የተጻፈው? የሴኔት ሕጉን አይተሽዋል?» አለኝ። አላየሁትም። ሦስት ዓመት ስማር ዩኒቨርሲቲው የሚተዳደርበት ሴኔት ሕግ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ በወሬ ነው የማውቀው።

በማግስቱ ሰነዱን በቴሌግራም ላከልኝ። ከመቶ ገጽ በላይ ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ልጄን እያጠባሁ ሦስት ማታ አነበብኩት። ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ፋይናል ያመለጠው ተማሪ ማስረጃ አያይዞ፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ ካመለከተ «ኢንኮምፕሊት» (ያልተሟላ ውጤት) ተይዞለት ሜክአፕ ይፈተናል ይላል። ስለ ሬጉላር የሚል ቃል የለም። ስለ ማታ የሚልም የለም። «ተማሪ» ብቻ ነው የሚለው። ደጋግሜ አየሁት። ሰነዱ ውስጥ ሬጉላሩን ብቻ የሚመለከቱ ክፍሎች አሉ፤ እነሱ ሬጉላር ብለው ለይተው ይናገራሉ። ይህ አንቀጽ ግን አልለየም።

ቀነ ገደቡ ሊያልፍ 4 ቀን ቀርቶታል። ማመልከቻውን በአንድ ገጽ ጻፍኩ፦ ስሜ፣ መታወቂያ ቁጥሬ፣ ያመለጠኝ ፈተና፣ የወለድኩበት ቀን፣ የአንቀጹ ቁጥር፣ የምጠይቀው ነገር። ልመና አልጨመርኩም፣ ምሬትም አልጨመርኩም። በሁለት ኮፒ አድርጌ ባለቤቴ መዝገብ ቤት አስገባው፤ አንዱ ኮፒ ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን አስመትቶ ተመለሰ። የዚያች ማኅተም ጥቅም ያኔ አልገባኝም ነበር። በኋላ «ማመልከቻሽ አልደረሰንም» ሲባል ነው የገባኝ።

የዲፓርትመንቱ ኃላፊ በሦስተኛው ሳምንት አስጠሩኝ። ልጄን ለእማዬ ትቼ ሄድኩ።

«ይሄን አንቀጽ ከየት አመጣሽው?» አሉኝ።

«ከራሱ ከሴኔት ሕጉ ነው፣ እርስዎም ጋ ይኖራል» አልኳቸው።

ከመደርደሪያቸው አውጥተው ዝም ብለው አነበቡት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ኃላፊ «የማታ ሜክአፕ የለውም» ይሉ ነበር፣ እሳቸውም ያንኑ ወረሱ፣ መስኮት ላይ ያለችውም ልጅ ያንኑ ትደግማለች። ብዙው ክልከላ እንዲህ ነው የተወለደው። በሳምንቱ ቢሯቸው ጥግ ተቀምጬ ተፈተንኩ፤ ቢ አገኘሁ።

ስለዚህ «አይቻልም» ስትባሉ አትጣሉ፣ ነገር ግን «በየትኛው አንቀጽ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። በቃል የተከለከለ ነገር በጽሑፍ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፣ ምክንያቱም ክልከላውን ፈርሞ የሚሰጥ ሰው አይገኝም። ባይፈቀድም ወረቀቱ ወደ ዲን፣ ከዚያም ወደ አካዳሚክ ጉዳዮች ይዛችሁ የምትወጡበት መሰላል ነው።

ይህን ሁላችንም ብናውቅ ኖሮ አንድ ጓደኛችንን አናጣም ነበር። ሳሪስ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው፤ እጁ ጥቁር ቅባት እንደያዘ ይመጣና ፊት ወንበር ይቀመጣል። በሒሳብ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር፤ ስታትስቲክስን ያስጠናን እሱ ነው። በሁለተኛው ዓመት አባቱ ወሎ ሞቱ። ለቀብር እንደሄደ የእርሻው ነገር ያዘውና ሁለት ሴሚስተር ቀረ። ሲመለስ ስሙ ከዝርዝር ወጥቷል። የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርም ሞልቶ ስላልሄደ 4ቱም ኮርስ ላይ መጀመሪያ ኤን ጂ (ውጤት የለም)፣ ቀጥሎ ኤፍ ሆኖበታል፤ ጂፒኤው ወርዶ ተባሯል። ፎርሙ አንድ ገጽ ነው። ሞልቶት ቢሆን ኖሮ በሪአድሚሽን (በዳግም ቅበላ) ካቆመበት ይቀጥል ነበር። ማን ይንገረው? ለአዲስ ተማሪዎች የሚሰጠው ገለጻ ሰኞ ጠዋት ነበር፤ እሱ ሰኞ ጠዋት ጎማ ሥር ነው። ማመልከት እንደሚችል ብንወተውተውም «ተዉት፣ ዕድሌ አይደለም» ብሎ ሄደ። እኔ ያኔ አንቀጽ የሚባለውን ነገር አላውቅም ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ በምንም ምክንያት፣ ለሕመምም ይሁን ለሐዘን ወይም ለገንዘብ፣ ትምህርት ማቋረጥ ካለባችሁ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። ክፍለ ሀገር ሆናችሁም ቢሆን ሰው ወክላችሁ ፎርሙን አስሞሉ፣ ኮፒውን ያዙ። ከማቋረጣችሁ በፊት ደግሞ የምትተዉት ኮርስ ለማታው መቼ ተመልሶ እንደሚሰጥ ጠይቁ። ለሬጉላር በየሴሚስተሩ የሚሰጥ ኮርስ ለእኛ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ አንድ ኮርስ ጥሎ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቀ ሰው አውቃለሁ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት የማካካሻ ክፍል ከሚማሩ ሬጉላሮች ጋር ገብቼ አንድ ኮርስ እንድወስድ በማመልከቻ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ከእኔ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው የመስኮቱን ነገር ያነሳነው። ብቻዬን ብጠይቅ የትም እንደማይደርስ ገብቶኝ ስለነበር በሦስቱ ሴክሽን ዞረን ፊርማ አሰባሰብን፤ 70 ያህል ሰው ፈረመ። የጠየቅነው በሳምንት ሁለት ቀን መስኮቱ እስከ ምሽቱ 1:30 እንዲከፈት፣ ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ እንዲያውሰን፣ የአዲስ ገቢዎች ገለጻ በእኛ ሰዓት እንዲደገም፣ ግቢው ውስጥ ያለው ክሊኒክ ማታ የታመመ ተማሪ እንዲቀበል፣ በተማሪዎች ኅብረት አንድ ተወካይ እንዲኖረን ነው። የመጀመሪያው መልስ «ለትርፍ ሰዓት በጀት የለም» የሚል ነበር። ከፈራሚዎቹ አንዷ የወረዳ ሠራተኛ ናት፤ እነሱ ጋ ተራ ገቢዎች አርፍደው ገብተው አምሽተው እንደሚወጡ ነገረችንና በሁለተኛው ደብዳቤ ይህንኑ አማራጭ አስቀመጥን። ብር አልጠየቅንም፣ የሰዓት ሽግሽግ ነው የጠየቅነው። ሁለት ሴሚስተር ፈጅቶ ማክሰኞና ሐሙስ ተፈቀደ። መጽሐፍ ማውጣትም በዋስትና ተፈቀደ። ክሊኒኩና ተወካዩ እስክወጣ ድረስ አልተሳኩም። የተወካዩን ነገር ማንም ሊገፋበት ይገባል፤ ስለ እኛ የሚወሰነው ስብሰባ ላይ ከእኛ አንድ ሰው ካልተቀመጠ በየጊዜው ፊርማ ማሰባሰብ ነው።

ከአለቃዬም ጋር ቀድሜ መነጋገር ነበረብኝ። የመጀመሪያውን ዓመት በፈተና ሰሞን ሰዓት ስሰርቅ፣ ስዋሽ፣ «አሞኛል» ስል ኖርኩ። በኋላ የሴሚስተሩን ካላንደር ይዤ ገባሁና «ጋሼ፣ እነዚህ 6 ቀናት ላይ 10:00 መውጣት አለብኝ፤ ሰዓቱን ምሳ ሰዓቴ ላይና ቅዳሜ ከሰዓት እከፍላለሁ» አልኳቸው። ወረቀቱን አይተው «ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ። ሁሉም አለቃ እንዲህ ነው አልልም፤ በቀን ተወስኖ፣ በጽሑፍ ሲቀርብ ግን እምቢ ለማለት ይከብዳል።

ኮሮናውን በአጭሩ ልለፈው። መጋቢት 2012 ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሁላችንም እኩል ተዘጋን፤ ሲከፈት ግን ስለ ሬጉላሮቹ ጥሪ በዜና ስንሰማ ስለ እኛ የሚናገር ማስታወቂያ ብዙ ዘገየ። ብዙዎች ያኔ ቀሩ።

የመውጫ ፈተናው ደግሞ ሌላ ነገር አሳየኝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆኗል፤ ለመንግሥቱም ለግሉም፣ ለቀኑም ለማታውም ፈተናው አንድ ነው። በዚህ አንድነት ቅሬታ የለኝም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ «የማታ ዲግሪ» እያሉ ለሚያናንቁን ቀጣሪዎች ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ዝግጅቱ ግን አንድ አልነበረም። ለሬጉላሮቹ የሁለት ወር ቱቶሪያል በቀን ተሰጠ፣ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ሞዴል ፈተና ተፈተኑ። እኛ ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ያየነው ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። እንደለመድነው ጻፍን፦ ፈተናው አንድ ከሆነ ዝግጅቱም ለእኛ በሚሆን ሰዓት ይሰጠን። የኦዲቲንግ መምህራችን ቅዳሜ ከሰዓት ፈቃደኛ ሆነ፣ ሁለት መምህራን አስከተለ። ሞዴሉንም አንድ እሁድ ተፈተንነው። ከክፍላችን ኮምፒውተር ላይ ተፈትኖ የማያውቅ ሰው ብዙ ነበርና ያ እሁድ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር እላለሁ። ገና ያልደረሳችሁ፣ ከመጨረሻው ዓመት በፊት የፈተናውን ብሉፕሪንት (ምን ምን እንደሚጠየቅ የሚያሳየውን ዝርዝር) ከዲፓርትመንት ጠይቃችሁ ያዙ፤ በአንደኛ ዓመት የወሰዳችሁትን ኮርስ በ5ኛው ዓመት ነው የምትጠየቁት፣ ሃንድአውታችሁን አትስጡ። እኔ ሰኔ 2016 ላይ ተፈትኜ 61 አመጣሁ።

ትራንስክሪፕቴ ላይ ፕሮግራሙ «ኤክስቴንሽን» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቦታ ለቃለ መጠይቅ ቀርቤ ሰውዬው ጣቱን እዚያ ቃል ላይ አሳርፎ «የማታ ነሽ?» አለኝ። «አዎ፣ የመውጫ ፈተናውን ውጤት ከሥሩ አያይዤዋለሁ» አልኩት። ወረቀቱን ገልጦ አየውና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄደ።

ኦፊሻል ትራንስክሪፕቴን ለማስላክ ባለፈው ማክሰኞ ግቢ ሄጄ ነበር። ከሥራ ስወጣ ነው የሄድኩት፣ ፈቃድ አልጠየቅሁም። አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ደረስኩ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ መብራቱ በርቷል፤ ከፊቴ 9 ሰው ተሰልፏል። አንደኛው የጥበቃ ዩኒፎርም ለብሷል፣ አንዷ ሕፃን አዝላለች። «የዊዝድሮዋል ፎርም እዚህ ነው የሚሞላው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቦርሳዬን አስቀምጬ አብሬያት ሞላሁት።